በግ ነጋዴው ላፕቶፕ ሲመርጥ

«ኧረ ጋሼ፣ ያስቀምጡት! ሊወረውሩት ነው እንዴ?»

«ማን ወረወረው? ልመዝነው ነው እንጂ!»

አንድ ሰው ነው። ኮምፒውተር ቤት ውስጥ ቆሟል፤ በግራ እጁ አንድ ላፕቶፕ፣ በቀኙ ሌላ። ከፍ ያደርጋል፣ ዝቅ ያደርጋል። ሻጩ ደንግጧል። ሰውየው ግን ዕድሜውን በበግ ንግድ የጨረሰ ነው። በግ እንዴት ይመረጣል? ብድግ አድርጋችሁ ታነሡታላችሁ፣ ላቱን ትዳብሳላችሁ። ለፋሲካ ስትገዙ እናንተስ የከሳውን ነው የምትመርጡት?

ልጁ መቅደላዊት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፊዚክስ ልትማር ነው። ዕቃው አንዴ ከተገዛ እስክትመረቅ አብሯት ነው። ታዲያ ይህን የሚያህል ነገር ብቻውን ማን ይገዛል? በሬ ሲገዛ እንኳ ሰው ተይዞ ይኬዳል። እሱም ሁለት ጎረቤት ይዞ መጣ፤ ጋሽ ሽብሩንና እትዬ ደብሪቱን።

«ይሄ በቀኝ እጄ ያለው ደልደል ይላል» አለ አባት።

«እሱው ይሁን» አሉ እትዬ ደብሪቱ። «ፊደሎቹም ያበራሉ። መብራት ሲጠፋ ታነብበታለች።»

«እናቴ፣ እሱ የጌም ነው» አለ ሻጩ። «ባትሪው ቶሎ ያልቃል።»

«ጌም ማለት?»

«ጨዋታ።»

«ተወው በለው! ልጅቷ ለጨዋታ አይደለም የምትሄደው» አሉ ጋሽ ሽብሩ። ትንሽ አሰቡና፣ «መቼም አጥንቶ የደከመው ሰው መጫወቱ አይቀርም» አሉ።

ሻጩ ግራ ገባው። «ለመሆኑ ፊዚክስ ላይ ምን ልትሠራበት ነው?» አለ።

ሦስቱም ተያዩ።

ከኋላቸው የቆመችው መቅደላዊት አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ቀድመዋት የገቡትን ጠይቃ የሚያስፈልጋትን ታውቃለች፤ በእጅ የሚያዝ ቀለል ያለ፣ ባትሪው ውሎ የሚያመሽ። ግን ትልቅ ሰው ገበያ ሲነጋገር ልጅ ጣልቃ ይገባል?

ሳቃችሁ አይደል? ሳቁ፣ ወገኖቼ። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ። ልጃችሁን ስትድሩ ማንን አማከራችሁ? አጎት አማከራችሁ፣ አክስት አማከራችሁ፤ ሙሽራዋንስ? ታማሚ ልትጠይቁ ሄዳችሁ «ይህን ብላ፣ ያንን ጠጣ» ስትሉ፣ «ምን አማረህ?» ያለው ከመካከላችሁ ማነው?

እግዚአብሔር ፊትስ ስንቆም? ይህን ስጠኝ፣ ያንን አድርግልኝ፣ እንዲህ ቢሆን ይሻላል እንለዋለን። አሜን ብለን ነጠላችንን አጣፍተን እንወጣለን። እሱ ምን እንዳለ ቆይቶ የሰማ ማነው?

ፍቅር አልጎደለንም። ያ አባት ልጁን ይወዳል፤ ጎረቤቶቹም ሥራቸውን ትተው ነው የመጡት። እናንተም ትወዳላችሁ። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ የምትወዱትን ሰው አንድ ነገር ጠይቁት። ጠይቁና ዝም በሉ። ዝም ማለቷ ናት የምትከብደው!

ሰውየውማ ክንዱ ሲዝል ሁለቱንም አስቀመጣቸው። ወደ ልጁም ዞረ።

«አንቺስ የቱን ትያለሽ፣ ልጄ?»

ጎረቤቶቹም ጆሯቸውን ሰጧት።

«አንተ ያልከው ጥሩ ነው አባዬ» አለች መቅደላዊት። «ብቻ ከክፍል ክፍል የሚሸከምልኝ ሰው አብረህ ቅጠርልኝ።»