የፊታውራሪው ላሜሕ

ፊታውራሪ ውብነህ ግብር ባበሉ ቁጥር፣ ከእሳቸው ተነሥቶ አዳም ድረስ የሚዘልቅ የዘር ሐረጋቸውን በደብተራ ያስነብቡ ነበር። አንድ ቀን ደብተራውን ጠጁ ሞቅ አድርጎት ኖኅን ዘለለና «ሴም የላሜሕ ልጅ» ብሎ አለፈ። በሩ አጠገብ የተቀመጠ አንድ ሸማኔ ሳቁ አመለጠው።

«በአባቶቼ ትስቃለህ?» አሉ ፊታውራሪው። «ምክንያትህን ተናገርና ሃያ ጅራፍህን ትቀምሳለህ።»

ሸማኔው እጅ ነሥቶ፣ «ጌታዬ፣ ኖኅ ተዘለለ» አለ። «መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ደግሞ ላሜሕ የሚባሉት ሁለት ናቸው። አንዱ ደጉን ኖኅን የወለደው ነው። ሌላው የቃየን ዘር ነው፤ ‹ስላቆሰለኝ ሰው ገደልሁ› እያለ ለሚስቶቹ የሚፎክረው። እንግዲህ ኖኅ ከሌለበት፣ የእርስዎ አባት የትኛው እንደሆነ በምን እናውቃለን? ብቻ እኔን ካስገረፉኝ ያን ጊዜ ይለይልናል።»