አንቱ የተባሉት ጫጩት

ተረቴ ስትነሳ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። ሰው ሲቀባበላት ረዘመች፤ እናንተም ከእጄ ተቀበሉኝ።

ታንጉት የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቷል፤ አንድ ልጇ ዘርፌ ወንዝ ማዶ ተድራለች። እናት ዶሮዋን ሸለምጥማጥ በልቶባታል። ከጫጩቶቹ ሁሉ አንድ ተረፈ። ተረፈ ልበል ወይስ ተረፈች? ይኸው ምላሴ ተሰናከለ፤ የታንጉትም ችግር ይኸው ነው።

ላባ ካበቀለ በኋላም ወንድ ይሁን ሴት አልለይ አለ። ጎረቤት ግን የማያውቀው የለም። አንዷ እግሩን ይዛ ዘቀዘቀችና፣ አንገቱን ቀና ካደረገ ወንድ ነው አለች፤ ቀና አለ፣ ወዲያው ደግሞ ተዝለፈለፈ። ሌላዋ ከሾጣጣ እንቁላል ወንድ፣ ከድቡልቡል ሴት ይፈለፈላል አለች፤ ቅርፊቱን ማን አስቀምጦ።

አያ ደምሌም መጡ። አያ ደምሌ የሰፈሩ አራጅ ናቸው፤ በዚያ አገር ሴት አታርድም፣ በዓል ሲደርስ እሳቸው ቢላ ይዘው በየደጁ ይዞራሉ።

«ታንጉት፣ ነገሩ ቀላል ነው» አሉ። «ሴት ከሆነች ትቀመጥና እንቁላል ትጣል። ወንድ ከሆነ ለፋሲካ እኔ አለሁልሽ።»

የታንጉት ፍላጎት ግን ትንሽ ነበር። ጥሬ ስትበትን ምን ብላ እንደምትጠራ ማወቅ ፈለገች። ና ትበል ወይስ ነይ? እውነቱን ለመናገር ያማራት ነይ ማለት ነበር። ዘርፌ ካገባች ወዲህ ነይ የምትለው ሰው የላትም። ነይ፣ እራት ቀርቧል። ነይ፣ ፀጉርሽን ልሥራሽ። ነይ፣ ዝናቡ ሳይመጣ። ቃሉ አፏ ውስጥ ሥራ ፈቶ ተቀመጠ፤ ናፍቆቱ ግን አንድ ቀን ሥራ አልፈታም። ልጅሽን ለምን አትጠሪያትም ሲሏት፣ «እናቷ ከናፈቀቻት እግር አላት» ትላለች።

እንግዲህ ና ብላ ሴት ብትሆንስ? ነይ ብላ ወንድ ቢሆንስ፣ ነይ ያለችውን እንዴት ለቢላ ትሰጣለች? ሲጨንቃት አንቱ አለች። አንቱ ወንድ የለው፣ ሴት የለው። «ይምጡ፣ ጥሬ ይልቀሙ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫጩት አንቱ ሆኑ። እኔም ከምሳሳት አንቱ ልበላቸው።

ሰው እንኳ አንቱ ሲባል ይኮራል። ጫጩት ጥሬው በሰፌድ ካልቀረበ አልቀምስም አሉ፣ አጎዛ ካልተነጠፈ አላድርም አሉ። ታንጉት ተንበርክካ ጠየቀቻቸው።

«እባክዎ ይንገሩኝ፣ ወንድ ነዎት ሴት?»

«አልናገርም» አሉ ጫጩት። «አንቱ እየተባልኩ አንተ ወይም አንቺ ለመባል ብዬ ልናገር? ሞኝሽን ፈልጊ።»

ታንጉት ወደ አያ ደምሌ ቢላ ሄደች። «ቢላ ሆይ፣ ጫጩት አልናገር አሉ። ለማስፈራራት ብቻ ነው፣ አንድ ጊዜ ብልጭ በልላቸው።»

«ብልጭ አልልም» አለ ቢላ። «ከገና ወዲህ ዶልዱሜ ተቀምጫለሁ። ዶሮ እንዲስቅብኝ ነው? መጀመሪያ ድንጋይ ይሳለኝ።»

ታንጉት ወደ መሳያው ድንጋይ ሄደች። «ድንጋይ ሆይ፣ ቢላን ሳልልኝ። ጫጩት አልናገር አሉ፣ ቢላ ብልጭ አልል አለ።»

«በደረቁ አልስልም» አለ ድንጋይ። «እንስራ የወንዝ ውሃ ታምጣልኝ።»

ታንጉት ወደ እንስራ ሄደች። «እንስራ ሆይ፣ ውሃ አምጪልኝ። ጫጩት አልናገር አሉ፣ ቢላ ብልጭ አልል አለ፣ ድንጋይ በደረቁ አልስል አለ።»

«አልነቃነቅም» አለች እንስራ። «ዘርፌ ከሄደች ወዲህ ጥግ ላይ ተደፍቼ ቀርቻለሁ። አንቺ የጎረቤት ውሃ እየጠጣሽ ወንዙን ሸሽተሻል። ማንገቻ ካላነሳኝ አልነሳም።»

ማንገቻ ግድግዳው ላይ፣ ዘርፌ በሰቀለችበት ችካል ላይ ነበር። ታንጉት ለብዙ ጊዜ ቀና ብላ አላየችውም። «ማንገቻ ሆይ፣ እንስራን አንሳልኝ። ጫጩት አልናገር አሉ፣ ቢላ ብልጭ አልል አለ፣ ድንጋይ በደረቁ አልስል አለ፣ እንስራ አልነቃነቅ አለች።»

«አልወርድም» አለ ማንገቻ። «እኔ የማውቀው የዘርፌን ትከሻ ነው። ወንዙን ጠይቂው፣ ያሻገራት እሱ ነው።»

ታንጉት ባዶ እጇን ወደ ወንዙ ወረደች። በጋ ስለሆነ ወንዙ ጎድሎ ድንጋዮቹ ታይተዋል፤ ፍየል እንኳ ያሻግራል። ልጇን የሸኘችበትን ቦታ ስታይ ዳር ላይ ተቀመጠች።

«ወንዝ ሆይ» አለች። «ጫጩት አልናገር አሉ፣ ቢላ ብልጭ አልል አለ፣ ድንጋይ በደረቁ አልስል አለ፣ እንስራ አልነቃነቅ አለች፣ ማንገቻ አልወርድ አለ። አንተ ምን ትለኛለህ?»

«እኔም ውሃ አልሰጥሽም» አለ ወንዝ። «እዚህ የሚወርድ ሰው ሁሉ ማዶ ያለውን ሰው ይጠራል። አንቺ ልጅሽን ዝም ብለሽ ሸኘሽ፣ ዝም ብለሽ ተመለስሽ፣ ይኸው ዝም እንዳልሽ ነው። መጀመሪያ ጥሪ።»

«ማንን ልጥራ?»

«እሱን እኔን ትጠይቂኛለሽ?»

ታንጉት ተነሳች። ኩራቷ በአንድ በኩል ያዛት፣ ናፍቆቷ በሌላ በኩል ጎተታት፤ ናፍቆቷ በለጠ።

«ዘርፌ» አለች። ከዚያም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ዘርፌ፣ ነይ» አለች።

ማዶ ጎንበስ ብላ ልብስ የምታጥብ አንዲት ሴት ቀና አለች። «እማዬ፣ ምነው ይህን ያህል ቆየሽ?»

«እኔ ነኝ የቆየሁት? አንቺ እግር የለሽም?»

«ያገባች ልጅ ሳትጠራ ብትመጣ ተባራ መጣች ይሏታል። በየቀኑ እዚህ እየወረድኩ ጠበቅሁሽ። አንዴ ነይ ብትይኝ ምን ነበረበት?»

ታንጉት አለቀሰች። ዘርፌም እያለቀሰች ድንጋይ በድንጋይ እየረገጠች ተሻገረች፤ እናትና ልጅ ተያይዘው ወደ ቤት ወጡ። ከዚያ በኋላማ ማን ይያዘው። ማንገቻ ወረደ፣ የዘርፌን ትከሻ አቀፈ። እንስራ ተነቃነቀች፣ ወንዝ ውሃ ሰጠ፣ ድንጋይ ረጠበ፣ ቢላ ተሳለ። አያ ደምሌም ጫጩት ፊት ቆመው ብልጭ አደረጉት።

ጫጩት ግን ቢላውን ዞር ብለውም አላዩ። ያን ጊዜ ዘርፌ ሁለተኛ እንስራ ሞልታ ዳገቱን ስትወጣ፣ ታንጉት ደጅ ቆማ «ነይ ልጄ፣ ነይ፣ ላግዝሽ» ትላለች። ጫጩት ይህን ሲሰሙ ከአጎዛው ዘለሉ፣ ክንፋቸውን ዘረጉ፣ በአያ ደምሌ እግሮች መካከል ሾልከው ሮጡና ታንጉት እግር ሥር ቆሙ። ለካ አንቱ መባሉ ሰልችቷቸው ኖሯል። አንቱ ያስከብራል እንጂ አያስጠጋም።

«ነይ ስል መጣች» አለች ታንጉት። «ሴት ናት።» አያ ደምሌ እያጉረመረሙ ቢላቸውን ወደ አፎቱ መለሱ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አጥሩ ላይ አንድ ድምፅ ተሰማ። ኩኩሉ።

አያ ደምሌ ነጠላቸውን እንኳ ሳያጣፉ ደረሱ። «ታንጉት፣ ሴት ዶሮሽ ጮኸች።»

«ሰማሁ፣ አያ ደምሌ።»

«ወንድ ነው።»

«ወንድ ነው።»

«እንግዲህ ለፋሲካ…»

ታንጉት ወደ ውስጥ ዞር ብላ አየች። ዘርፌ በልጅነቷ አልጋ ላይ ተኝታለች፣ አንድ እግሯ እንደ ድሮው ከጋቢው ወጥቷል።

«ነይ ብዬው መጥቷል» አለች። «በዚህ አፌ ነይ ብዬ የጠራሁትን ቢላ አይነካውም። ቢላዎ እንዲህ ከተሳለ ግን አይመለሱ፣ ገብተው ሽንኩርት ይክተፉልን።»

አያ ደምሌ ገብተው ከተፉ። ሲከትፉ ያለቀሱት በሽንኩርቱ ነው ይላሉ፣ እኛም ይሁንልዎ ብለናል።

ዘርፌ ከፋሲካ በኋላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በታንጉት መንደር ዛሬም አንድ ትልቅ አውራ ዶሮ አለ፣ ጅራቱ የተቆለመመ፣ ጠበኛ። ና ሲሉት አይሰማም፣ ነይ ሲሉት ይሮጣል። ታንጉትም ስትናፍቅ ወንዙ ዳር ትወርድና ነይ ትላለች። አንዳንድ ቀን አውራ ዶሮው ብቻ ይመጣል። አንዳንድ ቀን ሁለቱም ይመጣሉ።

ተረቴን እዚህ አሻገርኳት። የናፈቀ ይጥራ፣ የተጠራ ይምጣ።