ጅብን የጣለ ጅብ

በድሮ ዘመን፣ አውሬም እንደ ሰው ፎክሮ በሚሾምበት ዘመን፣ አያ ጅቦ የሚባል ጅብ ነበር። ጉልበታም ነው፤ ግን ሆዳም ነው። በአያ አንበሶ ግብር ላይ ሁሌ የሚቀመጠው በር ሥር ነበር። አጥንት ይወረውሩለትና ይስቁበታል። እሱም አጥንቱን ይቆረጥማል፤ ውስጡ ግን ያርራል።

አንድ ክረምት ወንዙ ድንገት ሞላ። አያ ጅቦ መሃል ካለች ጉብታ ላይ በውሃ ተከቦ ቀረ። ዞር ሲል ምን ቢያይ ጥሩ ነው? አንዲት ሚጢጢ የአህያ ውርንጭላ! እናቷ ማዶ ቆማ ታለቅሳለች።

"አያ ጅቦ፣ አደራ! ልጄን አደራ!"

አደራ ለጅብ! ከዚያ በፊት ማንም ጅብን አደራ ብሎት አያውቅም። ቃሉ ጆሮው ውስጥ ቀረ።

በመጀመሪያው ቀን ሆዱ "ብላት" አለው። ምራቁን ዋጠ። በሁለተኛው ቀን "ብላት!" ብሎ ጮኸበት። ድንጋይ ነከሰ። በሦስተኛው ቀን ተንኮለኛዋ እመት ጦጢት በቅርንጫፍ ተንጠላጥላ መጣች።

"አንተ ጅብ፣ ጦም ይዘሃል እንዴ? ብላት፤ ማን ያይሃል?"

"እኔው አያለኋ!"

ልብ በሉ እንግዲህ፤ ጅብ ርቦት አህያ መተው ማለት ወንዝ ሽቅብ እንደ መፍሰስ ነው። አያ ጅቦ ግን ሽቅብ ፈሰሰ። ውሃው ሲጎድል ውርንጭላዋን አሻገራት።

የግብሩ ቀን ደረሰ። አያ አንበሶ "ከሁሉ ብርቱውን የጣለ በቀኜ ይቀመጥ!" አለ።

ነብር ተነሣ። "ዘራፍ! ጎሽ ጥያለሁ!"

ዝሆን ተነሣ። "ዘራፍ! ዋርካ ነቅያለሁ!"

አያ ጅቦ ከበር ሥር ተነሣ። "ዘራፍ! ጅብ ጥያለሁ!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። "የቱን ጅብ?"

"ይኼን! የአደራ ውርንጭላ ብላ ቢለኝ ጣልኩት!" ብሎ ሆዱን መታ።

"አንበሳ ቢገጥሙት ይገኛል መሸሻ፣
ከገዛ ሆድ ጋራ የት አለ መድረሻ!"

ጦጢት ዘላ ተነሣች። "ውሸታም! ውርንጭላዋን ሲበላት በዓይኔ አይቻለሁ!"

ገና ሳትጨርስ አህያና ልጇ በበሩ ገቡ።

አያ አንበሶ ከዙፋኑ ብድግ አለ። "ያንን ጠላት እኔም ጥዬው አላውቅ!" ብሎ ጅቦን በቀኙ አስቀመጠ። ጦጢትን በር ሥር፣ አጥንት ከሚወረወርበት።

በማግስቱስ ጅቦን አልራበውም? ራበው እንጂ፤ ጅብ ነዋ! ግን ሆዱ ቢጮህም፣ ጌታው ጅቦ እንደሆነ አውቋል። ልጆች፣ ሌላውን የጣለ ብርቱ ይባላል፤ ራሱን የጣለ ታላቅ ይባላል።

ተረቱ የኔ፣ ጅቡ የየራሳችሁ።