የተጠረገው ወሰን

ሦስት ጌቶች አንድ ጫካ ተካፍለው ይገዙ ነበር። ሜዳው የአንበሳ፣ ገደሉ የነብር፣ ረግረጉ የጎሽ ነበር። ሦስቱ ግዛቶች በሚገናኙበት ስፍራ አርባ እርምጃ ያህል ስፋት ያለው ጠፍ መሬት አለ፤ እሱ የማንም አልነበረም።

በጫካው የዱካ ርክክብ የሚባል የቆየ ሕግ ነበር። ግልገል ሲጠፋ ዘበኛው ዱካውን ተከትሎ እስከ ወሰኑ ይሄድና ለጎረቤቱ ዘበኛ ያስረክባል። የተረከበው ደግሞ ዱካው ከግዛቱ መውጣቱን ካላሳየ ሠላሳ ጅራፍ ይገረፋል። ሕጉን ያወጡት ሽማግሌዎች ዘበኞቹን ያተጋል ብለው ነበር። ዘበኞቹም ተጉ። በየማለዳው ቅርንጫፍ ይዘው ይወጡና ወደ ግዛታቸው የገባ ዱካ እንዳይገኝ ወሰኑን ይጠርጋሉ። በሰባት ዓመት ውስጥ አንድም ርክክብ አልተደረገም። ጌቶቹም ይህን የሰላም ምልክት ነው አሉ።

ግልገሎች ግን ይጠፉ ነበር። አንዳንዶቹ ከቀናት በኋላ ተመልሰዋል። ቁስል አይታይባቸውም፤ ነገር ግን እናታቸው ልትልሳቸው ስትጠጋ ይሸሻሉ፤ የት እንደነበሩ ሲጠየቁ መሬት መሬቱን ያያሉ። በሦስቱም ግዛት ጅብ እየተያዘ ተገረፈ። ጅብ የወሰደው ግልገል ተመልሶ እንደማያውቅ ያስታወሰ አልነበረም።

አንድ ቀን ጌቶቹ በጉባኤ ተቀምጠው ሳለ እመት ድኩላ ከፊታቸው ቆመች።

«ጌቶቼ፣ ልጄ ከጠፋች ሁለት ቀን ሆነ። ዱካዋን እስከ ወሰኑ ተከተልኩት። ከዚያ በኋላ መሬቱ እንደ አውድማ ተጠርጓል።»

«ንጽሕና የመንግሥታችን ኩራት ነው» አለ አንበሳ። ባለሟሎቹ አጨበጨቡ።

«ሴትዮ» አለ ነብር፣ «ልጅሽ የጠፋችው ከሜዳ ነው። የገደሉን ጌታ ምን አድርግ ትይዋለሽ?»

ጎሽም ጣልቃ ገባ። «ልጅሽን አትጠብቂም ነበር? የእኔ ጥጆች ለምን አይጠፉም?»

«የእርስዎ ጥጃ ሃያ ዘበኛ አለው፣ ጌታዬ። የእኔዋ ያለኋት እኔ ብቻ ነኝ» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ልለምን። ዘንድሮ በየግዛቱ ስንት ግልገል ጠፍቶ እንደቀረ ዘበኞቹ ይናገሩ።»

የሜዳው ዘበኛ ተኩላ «አራት» አለ። የገደሉ ዘበኛ ዝንጀሮ «ሦስት» አለ። የረግረጉ ዘበኛ አርጃኖም «ሁለት» አለ።

«ሁለት!» አለ ጎሽ። «ለሁለት ነው ይህ ሁሉ ጩኸት?»

«ዘጠኝ ነው» አለች እመት ድኩላ። «ደምሯቸው እንጂ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ የደመራቸው አልነበረም። ጌቶቹ ነገሩን የሚመረምር ጉባኤ እንዲቋቋም፣ ከእሱም በፊት የጉባኤውን ቦታ የሚመርጥ ሌላ ጉባኤ እንዲሰየም አዘው ለምሳ ተነሡ።

ሦስቱ ዘበኞች ግን አልተነሡም። መጀመሪያ የተናገረው ተኩላ ነው።

«ወሰኑን በእኔ በኩል የምጠርገው እኔ ነኝ። በየጊዜው የግልገል ሽታ ከዝባድ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ይሸተኛል። ጠረግሁት እንጂ አልተከተልኩትም።»

«ጥርኝ ነው» አለ ዝንጀሮ አንገቱን ደፍቶ። «በጠፍ መሬቱ ከግልገል ጋር ሲያልፍ ከገደሉ ላይ አየዋለሁ። ለሦስቱም ግቢ ዝባድ የሚያገባ የተከበረ ነው። ደግሞም ከእኔ ግዛት ውጭ ነው አልኩና ዝም አልኩ።»

አርጃኖ ምላሱን አውጥቶ መለሰ። «በጠፍ መሬቱ ካለው ቁልቋል ሥር ጉድጓድ አለ። አፉ በእናንተ በኩል ስለሆነ ምን አገባኝ ብዬ ተውኩት።»

«ጎበዝ!» አለች እመት ድኩላ። «አንዱ አሸተተ፣ አንዱ አየ፣ አንዱ በሩን አወቀ። ዕውሯ እኔ ብቻ ነበርኩ። አሁን ወይ ጅራፉን እየቆጠራችሁ ተቀመጡ፣ ወይ ተነሡ።»

ተነሡ። ዝንጀሮ ከግራር ላይ ወጥቶ አቅጣጫውን ጠቆመ፤ ተኩላ መንገዱን በአፍንጫው አወጣ፤ አርጃኖ ወደ ጉድጓዱ ገባ። ሲወጣ መልኩ ተለውጦ ነበር።

«ስንት ናቸው?» አለ ተኩላ።

«አሥራ አንድ።»

«ዘጠኝ አይደሉም እንዴ?»

«ሁለቴ ቆጥሬያለሁ።»

ሁለቱን ጠፉብን ብሎ ያመለከተ በሦስቱም ግዛት አልነበረም።

ግልገሎቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ የእመት ድኩላ ልጅም በሕይወት ወጣች። እናቷ ሮጣ ልትልሳት ስትል ግን ወደ ኋላ ሸሸች። እመት ድኩላ ባለችበት ቀጥ አለች። ከዚያም አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሳ፣ ልጇ ልታያት በምትችልበት ቦታ ተንበርክካ ሣር መጋጥ ጀመረች። 

ጥርኝን ከነብር ግቢ ሲመለስ በጉድጓዱ አፍ ላይ ያዙት። አልሮጠም። «በማን ትእዛዝ?» ብቻ አላቸው።

ጌቶቹም የጠየቁት ይህንኑ ነበር። ዘበኞቹ ያለ ፈቃድ ወሰን ስለተሻገሩ እያንዳንዳቸው አሥር አሥር ተገረፉ። ስለ ጥርኝ ግን አንበሳ ዳኝነቱ የነብር ነው አለ፤ ነብር የጎሽ ነው አለ፤ ጎሽ የአንበሳ ነው አለ። በመጨረሻ በአንድ ቃል ፈረዱ፤ ዳኛ እስኪገኝ ድረስ ከያዙት ዘበኞች ከአንዱ ጋር አንገት ለአንገት በአንድ ገመድ ታስሮ በቁራኛ ይቆይ፤ ገመዱ ካመለጣቸው ጥርኝ ነጻ ይለቀቅ። ዘበኛ እንደሚደክም ያውቃሉ።

ዳኛው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

በአምስተኛው ቀን ጥርኝ የተኩላን ቀይ ዓይን አይቶ ፈገግ አለ። «እኔ እንደሆነ መቀመጥ አይሰለቸኝም። አንተ ግን፣ ወንድሜ፣ መተኛትህ መቼም አይቀርም።»

ተኩላ ገመዱን ከአንገቱ አውልቆ ከኋላው ለመጣው ለዝንጀሮ አጠለቀለት።

«ሦስት ነን» አለው ጥርኝን። «ተራ እንገባለን።»