ደጋኑ የሚቆምበት ዜማ

በአምባ ጽጌ አዝማሪዎች ዘንድ «የአምባላይ ጥሪ» የሚባል የማሲንቆ ዜማ አለ። አመታቱ ከሌላው ይለያል፤ አዝማሪው ሦስት ጊዜ በረጅሙ ይስብና ደጋኑን ድንገት አቁሞ ጆሮውን ወደ በሩ ይጥላል፤ የቤቱ ባለቤት «ምታ እንጂ» ካላለውም አይቀጥልም። ምክንያቱን ሌላ አድርጎ የሚያወራ ይኖር ይሆናል፤ ሽማግሌዎቹ የሚሉት ግን እንዲህ ነው።

ባላምባራስ ጓንጉል የሚባሉ ባለርስት፣ ማሲንቆ ሲሰማ ሳያሽካካ የማያልፍ፣ በየሰርጉ የሚሳቅበት ነጭ አምባላይ ፈረስ ነበራቸው ይባላል። አንድ ማለዳ ፈረሱ ከጋጣው ጠፋ። ባላምባራስ ድሮም ሰው ማመን የማይሆንላቸው ነበሩና ውሃ ያቀበላቸውን ሎሌ ሳይቀር ዓይን ዓይኑን ሲያዩ ሰነበቱ። በሦስተኛው ቀን በአዝማሪው በጫኔ ማሲንቆ ላይ አዲስ ነጭ ጭራ ተወጥሮ አዩ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ማስረጃ አላሻቸውም። ሽማግሌ ፊት አቁመው፣ ፈረሴን እስከ ማታ ካላመጣ ማሲንቆው ተሰብሮ ከአገር ይውጣ አሉ። ከሁሉ አብልጦ «ይውጣ» ያለው ልጃቸው አጥናፉ ነበር አሉ።

ጫኔ አልካደም። «ባለፈው ሰርግ ቀን ታስሮ ሳለ ከጅራቱ ጥቂት ነጭቻለሁ፣ ጌታዬ። ፈረሱን ግን አልወሰድኩም። እዚሁ መንደር ካለ ስመታ ይመልስልኛል፤ አብረውኝ ሄደው ይስሙ።»

ባላምባራስ ይህንንም ተንኮል ነው ብለው ጠረጠሩ፤ ሽማግሌዎቹ ስለ ፈቀዱ ግን ከእነሱ ጋር ተከተሉት። ጫኔ በየደጁ እየሳበ፣ እያቆመ፣ እያዳመጠ ሄደ። አባወራው ሁሉ እኔ ደጅ ላይ ለምን አስረዘምከው እያለ ሲነታረከው፣ ባላምባራስ የተቆጣውንም ዝም ያለውንም እኩል ሌባ ያደርጉት ነበር። አንዲት ባልቴትማ ሳትጠየቅ «ጓሮዬ ያለችው ፍየል ናት፤ እሷ ደግሞ ዘፈን አትወድም» አለች ይባላል።

የቀረው የአጥናፉ ግቢ ብቻ ሆነ። ባላምባራስ የልጄ ደጅ ምን ያደርጋል ብለው ሊመለሱ ሲሉ ጫኔ ሳበ፤ አቆመ። ከጭድ ቤቱ ጀርባ የታፈነ ማሽካካት ተሰማ። ባላምባራስ ልጃቸውን አዩት፤ እሱ መሬት መሬት ያያል። ሽማግሌዎቹ ገና ከኋላ ዳገቱን እየወጡ ነበር።

«ምታ እንጂ፣ ምን ቆመህ ታዳምጣለህ» አሉ ባላምባራስ። ጫኔ ግን ደጋኑን እንደያዘ ትክ ብሎ ስላያቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማሲንቆህን የሚሰብረው የለም» አሉት።

ያን ጊዜ ጫኔ አጥብቆ ሳበ፤ ሽማግሌዎቹ ሲደርሱም ከማሲንቆው በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። በማግስቱ ፈረሱ በባላምባራስ በር ላይ ቆሞ ተገኘ። ባላምባራስም «ጠፍቶ ነበር፣ መጣ» አሉ፤ ማንም አልጠየቃቸውም።

ዛሬም በአምባ ጽጌ ያ ዜማ ሲመታ ደጋኑ ይቆማል፤ ቤቱም ጸጥ ይላል። ባለቤቱ «ምታ እንጂ» ይላል፤ ፈጥኖ ያለ እንደሆነ ግን እንግዶቹ ወደ ጓሮው ያያሉ።