ከናዳው ግርጌ የተቀመጠች ውሻ

ጓንጉል የግንበኞች አለቃ ሆኖ በተሾመ በሳምንቱ ወደ መሪጌታ ልሳነወርቅ ሄደ። ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ነገር ሲከብደው አሁንም የሚሄደው ወደ እሳቸው ነው።

«የኔታ፣ ከበታቼ ያለ ሠራተኛ እኔ ካዘዝኩት የተለየ ነገር ሲናገር ምን ላድርግ?» አለ። «ብሰማው ሥራውን አያውቅም ይሉኛል። ባልሰማው ደግሞ ልቤ ይፈራል።»

መሪጌታ እንዲህ ሲሉ ነገሩት።

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ውሻ ማስተማር ነበረ። ቤት የምትጠብቅ ውሻ አይደለም፤ አፈር የተጫነውን ሰው አሽትታ የምታገኝ ውሻ ነው ያስተማረው። ሁለት ዓመት ሙሉ ወዳጆቹን እየለመነ ጉድጓድ ውስጥ ያስተኛቸዋል፤ በላያቸው እንጨትና ገለባ ይከምርና ይለቃታል። ሰው ካገኘች ቁጭ ብላ ትጮሃለች፤ ካላገኘች አልፋ ትሄዳለች። ያስተማራት ይህንኑ ብቻ ነው።

በአንድ ክረምት ዝናቡ አላባራ ብሎ ተራራው ተናደ፤ ከሥሩ የነበሩትንም ቤቶች ዋጠ። ሰውየውን በማለዳ ጠሩት። ሲደርስ አንድ ገበሬ ከጎረቤቶቹ ጋር ሲቆፍር አገኘው። የገበሬው ሚስትና ሽማግሌ አባቱ ቤት ውስጥ ነበሩ።

«ቤቴ እዚህ ነው» አለው ገበሬው፣ ከናዳው ዳር ወደቆመው ዋርካ እያመለከተ። «ከዚያ ዛፍ ሃያ እርምጃ ነበር።»

ሰውየው ውሻይቱን ለቀቃት። እሷ ግን የሚቆፈረውን ቦታ አልፋ ቁልቁል ወረደች። ናዳው ካለቀበት ከወንዙ አፋፍ ስትደርስ ቁጭ ብላ ጮኸች። ጠርቶ መለሳት። ደግማ እዚያው ሄደች።

«ምን ሆና ነው?» አለ አንዱ።

«ዝናቡ አፍንጫዋን ዘግቶት ይሆናል» አለ ሰውየው። አፍሯል፤ ያ ሁሉ ሰው እያየ ውሻይቱ አልታዘዝ አለችው። በሦስተኛው በገመድ ጎትቶ አምጥቶ አሰራትና እሱም አካፋ ተቀብሎ ከሰዎቹ ጋር መቆፈር ጀመረ።

ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ ዘቀዘቀችም። ከአፈር በቀር ምንም አላገኙም። ውሻይቱ መጮኋን ትታለች፤ ዓይኗን ግን ከቁልቁለቱ አላነሳችም። ሰውየው ቀና ብሎ አያት። «ይህችን ያስተማርኳት እኮ እኔ የማላውቀውን እንድትነግረኝ ነው» አለ በልቡ። «የማውቀውን ብቻ እንድትነግረኝ ከሆነ ለምን ደከምኩ?»

ሄዶ ገመዱን ፈታላት።

«ወዴት ነው?» ብሎ ገበሬው ጮኸበት። «የገዛ ቤቴን የማላውቀው መሰለህ?»

«ቤትህ የነበረበትን ታውቃለህ፣ ወንድሜ። የሄደበትን ግን እኔም አንተም አናውቅም።»

ብቻውን ወረደና ውሻይቱ ከተቀመጠችበት ቆፈረ። ክንድ ያህል እንደጠለቀ አካፋው የጣሪያ ቆርቆሮ መታ። ከሥር አንድ ደካማ ድምፅ መለሰለት። ናዳው ቤቱን ሳይበታትን ገፍቶ ከታች ጥሎት ኖሯል።

ሰው ሁሉ ወርዶ ተረባረበ። የገበሬውን ሚስት በሕይወት አወጧት። አባቱ ከጎኗ ነበሩ፤ ሞተዋል፤ ገላቸው ግን ገና አልቀዘቀዘም።

«ጠዋት ያወሩኝ ነበር» አለች ሴትዮዋ። «"ውሻ ይጮሃል፣ መጡልን፣ አይዞሽ" ይሉኝ ነበር። ጩኸቱ ሲጠፋ እሳቸውም ዝም አሉ።»

ገበሬው የሰውየውን እጅ ይዞ ሊያመሰግነው ሲል፣ «ተወኝ» አለው ሰውየው። «እኔ ጠዋት ተነግሮኝ ነበር።»

መሪጌታ ይህን ነግረው ወደ ጓንጉል ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ ሰው አንተ ነህ። ሠራተኛህን በውሻ የመሰልኩት ንቄው አይደለም፤ አንተ የማታየውን ስለሚያይ ብቻ ነው። ገበሬውም አልዋሸም፤ ትናንት በሚያውቀው ነው የቆፈረው። ሰውየው ግን ውሻይቱን ያሰራት ስላላመናት አይደለም፤ ሰው ስላየው ነው። ብትሰማ ትንሽ ታፍር ይሆናል። ያ እፍረት ያልፋል። ለመሆኑ ሠራተኛህ ምን ብሎህ ነው?»

ጓንጉል አቀረቀረ። «የምሥራቁ ግድግዳ መሠረት ውሃ እያሰረገ ነው አለኝ።»

«ዛሬስ ግድግዳው ሥር ሰው አለ?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ያስቀምጥሃል?»