ድስቲቱና ቀይ ክሯ

ተረት አለኝ። የሚሰማኝ ይጠጋ፤ ያዛጋ ግን ከመሃል ይወጣል፤ እኔ ለሚያንጎላጅ አላወራም።

እንስሳት አፍ አውጥተው በሚነጋገሩበት፣ ድስትና ጭልፋም በሚሟገቱበት በዚያ ዘመን፣ የዱር እንስሳት እድር ነበራቸው። ሰርግ ሲሆን ዕቃው ሁሉ ከእድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል፣ ሲያበቃ ይመለሳል። ሐዘንም ሲሆን እንደዚሁ።

በፊት በፊት ታዲያ እያንዳንዱ ዕቃ የሚያስፈልገውን የሚፈልገው ራሱ ነበር። ድስት ውሃ ፍለጋ ወንዝ ይወርዳል። ማማሰያ ድስት ፍለጋ ወንዝ ይወርዳል። እንስራ ደግሞ ውሃዋን ተሸክማ ድስት ፍለጋ ወደ ቤት ትመጣለች። መንገድ ላይ ይተላለፋሉ! እንግዳው ተርቦ ይቀመጣል፣ ተርቦ ይነሣል፣ ባለቤቱን እያማ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በኋላ እመት ጃርት የዕቃ ቤት ኃላፊ ሆነች። እመት ጃርት ጠዋት ጠዋት የምታኮርፍ፣ ነገር መደጋገም የማትወድ፣ ሥራዋን ግን የምታውቅ ነበረች። ዕቃውን ሁሉ ሰብስባ እንዲህ አለች፦

“ከዛሬ ጀምሮ ማንም ወዲያ ወዲህ አይልም። የሚያስፈልጋችሁን ክር ላይ ቋጥሩና እሰሩት። አምጥቶ መስጠት የእኔ ፈንታ ነው።”

ክሩ ሦስት ዓይነት ነበር። ቀዩ ክር አንገት ላይ ይታሰራል፤ “ከሥራ በፊት ይህ ይህ ያስፈልገኛል” ይላል። ነጩ ክር ቀኝ ጆሮ ላይ ይታሰራል፤ “እኔ አንድ ነኝ፤ ለሁሉም እበቃለሁ” ይላል። ዋንጫዎች ግን ነጭ ክር የላቸውም፤ ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ አንድ ይወጣሉ። ጥቁሩ ክር ግራ ጆሮ ላይ ነው፤ “ሳታጥቡኝ፣ ሳታደርቁኝ አታስቀምጡኝ” ይላል።

እንግዲህ እመት ሚዳቋ ልጇን ልትድር ሆነና፣ አንዲት አዲስ የሸክላ ድስት ወደ እድሩ ገባች። ሦስቱም ክሮች ታሰሩላት። ቀዩ ላይ ሁለት ቋጠሮ ነበር፤ አንዱ ውሃ ማለት ነው፣ ሁለተኛው ማማሰያ።

ይቺ ድስት መጠየቅ ትወድ ነበር፤ አፏ አያርፍም። ከጎኗ ያለው ጋን ቃል ሳይተነፍስ ውሃ ሲመጣለት አይታ ተገረመች። “ምንም አላለም እኮ! ውሃው ክሩ ውስጥ ነው እንዴ ያለው?” እያለች አንገቷን ትዳብስ ጀመር።

ይህን አይጥ ሰማ። አይጥ ሆዬ ከዕቃ ቤቱ ጥግ ጎጆ እየሠራ ነበር፤ ለስላሳ ክር አጥቶ ሲቸገር ነው የሰነበተው።

“ድስት ሆይ፣ ክርሽ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?” አላት።

“አላውቅም።”

“ማወቅ አትፈልጊም?”

“እፈልጋለሁ፤ ግን እመት ጃርት ትቆጣለች።”

“እኔ በጥርሴ ቀስ አድርጌ ልፍታልሽ። አይተነው መልሰን እናስረዋለን!”

ድስቲቱ ጉጉቷን አልቻለችውም፤ አንገቷን ሰጠችው። አይጥ ቀዩን ክር በጠሰው። ቢፈቱት ቢተረትሩት ጥጥ ነው። ውሃ የለም፤ ማማሰያም የለም።

“ጥጥ ብቻ!” አለች ድስቲቱ። “ታዲያ ውሃውን የሚያመጣው ምንድን ነው?”

አይጥ ግን የለም፤ ክሩን እየጎተተ ወደ ጎጆው ገብቷል።

በዚህ መሃል እመት ጃርት ክር እያየች መጣች። የድስቲቱን ነጭ ክር አየች፤ ጥቁሩንም አየች። አንገቷን ስታይ ባዶ ነው።

“ቀይ ክር የላትም። ምንም አይጎድላትም ማለት ነው” አለችና ወስዳ ጉልቻ ላይ ጣደቻት። ድስቲቱ አፏን ስትከፍት እመት ጃርት ሄዳለች፤ እሳቱም ተለኩሷል።

ድስቲቱ ባዶ ሆዷን ጋለች። ፈራች፤ በጣም ፈራች። ባዶውን የተጣደ ሸክላ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ሸክላ ደግሞ ገል ሆኖ ይጣላል።

“እሳት ወንድሜ፣ ጥፋልኝ!”

“እኔ ንደድ ተብዬ የምነድ ነኝ፤ ጥፋ ያለኝ የለም” አላት እሳት።

“ጉልቻ እህቴ፣ አውርጂኝ!”

“መሸከም እንጂ ማውረድ አልተማርኩም” አለቻት ጉልቻ።

ከርከሮ እንጨት ተሸክሞ ሲያልፍ አየችው። “ከርከሮ ወንድሜ፣ ውሃ እንዳጣሁ ለእመት ጃርት ንገርልኝ!”

“እነግርልሻለሁ፣ እነግርልሻለሁ” አለና ዳሱ በር ላይ ሲደርስ የጠጅ ሽታ አወደው። ረሳት!

ከድስቲቱ ሆድ “ቀጭ” የሚል ድምፅ ተሰማ።

እመት ጃርት ግን ወደ ዕቃ ቤት ተመልሳ ነበር። ከጥጉ ቀይ ክር ብቅ ብሎ አየች፤ ሁለት ቋጠሮ አለው። “እዚህም ውሃና ማማሰያ የሚፈልግ አለ! እንስራ፣ ማማሰያ፣ ቶሎ በሉ!”

እንስራ ደርሳ ውሃዋን ጎጆው ላይ ዟ አደረገችው። ማማሰያም ተከትሎ ገባና ማማሰል ጀመረ።

“ኧረ በሕግ! እኔ አይጥ ነኝ! ድስት አይደለሁም!”

“እኛ ፊት አናይም፤ ክር ነው የምናየው” አለ ማማሰያ፣ እያማሰለ።

እመት ጃርት አይጥን በጅራቱ ጎትታ አወጣችው። “ይህ ክር የማነው?”

“የ... የአዲሷ ድስት ነው” አለ አይጥ።

የእመት ጃርት እሾህ ሁሉ ቆመ። “ምንም አይጎድላትም ብዬ ጥጃታለሁ እኮ!” ብላ እየሮጠች ደረሰችና ድስቲቱን በጨርቅ ይዛ አወረደቻት።

“ውሃ አፍስሱብኝ!” አለች ድስቲቱ።

“አላፈስም።”

“ተቃጠልኩ፣ አፍስሱብኝ!”

“አውቃለሁ፤ አላፈስም። የጋለ ሸክላ ቀዝቃዛ ውሃ ከነካው ለሁለት ይከፈላል። ሁሉም በጊዜው ነው።”

እመት ሚዳቋ እየተጣደፈች መጣች። “እንግዶቼ ተቀምጠዋል! ወጡ የታለ?”

“ይቆያል።”

“ልታዋርጂኝ ነው?”

“ወጥ ስለ ዘገየ ማንም አይሞትም። ይቺ ግን ብትሰነጠቅ መመለሻ የላትም” አለች እመት ጃርት፣ ከድስቲቱም አጠገብ ንቅንቅ አላለችም።

ድስቲቱ በረደች። ሆዷን ቢያዩት ትንሽ ጭረት ወጣበት እንጂ አልተሰነጠቀም። ቀዩ ክር እርጥብ እንደሆነ አንገቷ ላይ ተመለሰ። ውሃው ገባ፣ ማማሰያው መጣ። እመት ጃርትም ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ደንብ ጨመረች፤ ዕቃው በራሱ አፍ “ተሟልቻለሁ” ሳይል እሳት አይለኮስም።

“ተሟልቻለሁ!” አለች ድስቲቱ።

እሳቱ ነደደ፣ ሽሮው ተንተከተከ። እንግዳው በልቶ ጠገበ፤ ዘግይቷል ብሎ ማማቱን ግን አልተወም፤ እንግዳ ነዋ!

ሰርጉ ሲበተን እመት ጃርት ጥቁሩን ክር አይታ ድስቲቱን ልታጥብ ቁጭ አለች። ድስቲቱ ዝም ማለት ይሆንላታል? ጠየቀች።

“እመት ጃርት፣ ክሩ ውስጥ ጥጥ ብቻ ነው ያለው። ታዲያ ውሃውን ያመጣው ማን ነው?”

“እኔ ነኛ።”

“እርስዎ ውሃ እንደምፈልግ በምን ያውቃሉ?”

“ክሩን አይቼ። ክር በራሱ ምንም አይሠራም፤ የሚያየው ሲኖር ነው የሚሠራው። እኔም ክር ከሌለ አላውቅም፤ አየሽው አይደል?”

“ታዲያ የእርስዎ ክር የታለ?”

እመት ጃርት አንገቷን ዳበሰች። እሾህ ብቻ ነው። “እኔ... የለኝም” አለች።

“እንግዲያው ምንም አይጎድልዎትም ማለት ነው?”

እመት ጃርት የያዘችውን ውሃ መሬት አስቀመጠች። ለሁሉም ስታድል ውላ፣ እሷን ግን ምን ጎደለሽ ያላት አልነበረም። እሷም አልተናገረችም።

“ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም” አለች።

“እንግዲያው አሁን አይጠቡኝ” አለች ድስቲቱ። “ከታች ትንሽ ሽሮ ቀርቷል። ገና ትኩስ ነው፤ ይጥረጉት።”

እናንተዬ፣ እመት ጃርት ጎንበስ ብላ ድስቲቱን ጥርግ አድርጋ በላች። ከዚህ የምትወስዱት ይህን ነው፦ የጎደላችሁን ተናገሩ፤ ያልተናገራችሁትን የሚያይ የለም። ለሁሉም የሚያድለውንም አንዳንዴ “አንተስ በልተሃል?” በሉት። እኔ ተናግሬ ጨረስኩ፤ ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ውሃ የሚያቀብለኝ ማን ነው?